ሁለተኛው አጋማሽ በስልክ

በዌልስ ተራሮች መሀል ባለችው በብላይናይ የአባት ስም ማንንም ከማንም አይለይም። ግማሹ ከተማ ጆንስ ነው፤ የቀረው ፓሪ ወይም ዊሊያምስ። ስለዚህ ሰው የሚጠራው በሥራው ነው። በየቤቱ ከሰል ሲያዞር የኖረው ቴክዊን፣ ቴክዊን ከሰል ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ግዊሊም ፓሪ ደግሞ ግዊሊም አውቶቡስ። ሚስቱ አይርሊስ በሕይወት ሳለች፣ «ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው? አይርሊስ ጎማ?» እያለች ሰው ታስቅ ነበር።

ግዊሊም ዝምተኛ ነው። ቃል ከአፉ በወረንጦ ካልሆነ አይወጣም ይሉታል። በየቀኑ ከጋራዡ ይነሣል፤ በጥቁር ድንጋይ ክምሮቹ መሀል ቁልቁል ወርዶ፣ ጸሎት ቤቱን፣ ድልድዩንና የወተት ፋብሪካውን አልፎ እስከ ባሕሩ ይነዳል፤ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። የተሳፋሪውን ሰላምታ የሚመልሰው በአገጩ ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት አንድም ቀን አልፎ አያውቅም። ፌርማታ የሳተው ግን አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን ገና ልጃገረድ የነበረችው አይርሊስ ከጎኑ ቆማ፣ ከአክስቷ ቤት ጠፍታ ፖሊስ ጣቢያ ስለገባች ፍየል እያወራችለት ነበር። ሁለቱም የነቁት መውረጃዋን ካለፉ በኋላ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ልትከተኝ ነው እንዴ?» አለችው።

«ታሪኩ አላለቀም ነበር» አለ ግዊሊም። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። በዓመቱ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ወሬው የአይርሊስ ሆነ፤ ወረቀቱም የአይርሊስ። መብራቱ፣ ውሃው፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤት ሁሉ በየዓመቱ ከፍሎ የሚያወጣው የቴሌቪዥን ፈቃድ፣ ሁሉም በእሷ ስም። ቅዳሜ የዌልስ ቡድን ራግቢ፣ ኳሷን በእጅ ይዞ እስከ ተቃራኒው መስመር የሚሮጥበትን ጨዋታ፣ ሲጫወት ከወንበሯ ተነሥታ የምትጮኸውም እሷ ነበረች። ግዊሊም ሻዩ እንዳይደፋበት ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጣል። ብቸኛ ልጃቸው ሄሌድ በመሀላቸው ሆና አንዴ ወደ እናቷ ጩኸት፣ አንዴ ወደ አባቷ ዝምታ ትዞራለች።

አይርሊስ ያረፈችው ሄሌድ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ሕመሙ ሦስት ወር አልፈጀም። ከቀብሩ በኋላ ግዊሊም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ራሱ ስም አዛወረ፤ መብራቱን፣ ውሃውን፣ የባንኩን። የቴሌቪዥን ፈቃዱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ፈቃዱ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ የሚታደስ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ፖስተኛው አንድ ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ይጥላል፤ ላዩ ላይ «ወይዘሮ አይርሊስ ፓሪ» ይላል። በዓመት አንድ ቀን ስሟ፣ እንዳለ ሰው ስም፣ ተጽፎ ቤቷ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ግዊሊም «በሚቀጥለው ሳምንት አሳውቃለሁ» አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምንም አላለም። ፖስታውን ከፈተ፣ አነበበ፣ እሷ ታስቀምጥበት በነበረው ቦታ፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ሄሌድ አሥራ ስምንት ሲሞላት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ተነሣች። ዕቃ በሚታሰርበት ቀን ግዊሊም ትንሿን የማድቤት ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሩ አጠገብ አቆማት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሄሌድ።

«ቴሌቪዥን።»

«ቴሌቪዥን መሆኑንማ አየሁት። ዩኒቨርሲቲ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚሄድ ማነው፣ አባዬ? ከሙዚየም መጣች ነው የሚሉኝ።»

«ራግቢውስ?»

«ላፕቶፕ አለኝ እኮ።»

ከመኝታ ክፍሏ ቁልፍ ጋር አንድ ወረቀት ተልኮላት ነበር። ግዊሊም ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ አነበበው፤ መነጽሩን አድርጎ ደገመው። የሕንፃው ፈቃድ የሚሠራው ለጋራው ሳሎን ብቻ ነው ይላል። በክፍሉ ሆኖ የቀጥታ ስርጭት የሚያይ ተማሪ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሚያይበት ዕቃ ሶኬት ላይ ሳይሰካ በገዛ ባትሪው ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የወላጆቹ ቤት ፈቃድ ይበቃዋል።

«የእኛ ፈቃድ እስከ ሊድስ ይደርሳል» አለ ግዊሊም።

«እንዴት ሆኖ?»

«ሶኬት ላይ ካልሰካሽ። በባትሪ ብቻ።»

«አባዬ፣ አራት መቶ ሰው ያለበት ሕንፃ ነው። ማን ነው በየክፍሉ እየዞረ ሶኬት የሚቆጥር?»

«ሕግ ነው።»

ሄሌድ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች፤ ግን እሺ አለች። ግዊሊም በልቡ ያለውን አልነገራትም። ያቺ በአይርሊስ ስም የመጣች ወረቀት ከመደርደሪያው ሆና፣ ተራራውን ተሻግራ፣ የልጇን ክፍል እንደ ጃንጥላ ልትከልል መሆኑን እያሰበ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኅዳር ላይ ሆነ። የሄሌድ ላፕቶፕ ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ልክ ተጫዋቾቹ ለዕረፍት ሲወጡ ተንፈስ ብሎ ጠፋ። ወዲያው ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ጠፋብኝ! ስንት ለስንት ነው?»

«አሥር ለስድስት።»

«አሥሩ የማነው?»

«የእኛ።»

«እሺ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ንገረኛ።»

«ምን ብዬ?»

«ጨዋታውን ነዋ! አትስኪ ያልከው አንተ አይደለህ? እንግዲህ ቻለው።»

ጨዋታው ተጀመረ። ግዊሊም ጉሮሮውን ጠረገ። «ኳሷ እኛ ጋ ናት» አለ። ቆየና፣ «አሁን እነሱ ጋ ናት» አለ።

«የት ላይ?»

«እዚያ።»

«እዚያ የት? እያየሁት እኮ አይደለም!»

ግንባሩን ላብ ላብ አለው። አረንጓዴውን ሜዳ አፍጥጦ ተመለከተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየው ነገር መንገድ ብቻ ነውና፣ ሜዳው ቀስ እያለ መንገድ ሆኖ ታየው።

«የእኛ መስመር ጋራዡ ነው እንበል» አለ። «የእነሱ ባሕሩ።»

ሄሌድ ሳቀች። «እሺ። ኳሷ የት ደረሰች?»

«ጸሎት ቤቱን አልፋለች። ስምንት ቁጥሩ ይዟታል። ድልድዩ ላይ ጣሉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው ተከመረበት። ድልድዩ ተዘጋ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ኋላ አወጧት። አሥር ቁጥሩ በወተት ፋብሪካው በኩል ዞረ። አቋራጩን ያውቀዋል ይሄ ልጅ። ማንም የለም መንገዱ ላይ። ባሕሩ ታየው... ገባ! ሄሌድ፣ ገባልሽ!»

ራሱን ቆሞ አገኘው። ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈስሷል። በዚያ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት ወዲህ የጮኸ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ ሆነ። የመጀመሪያውን አጋማሽ እሷ በባትሪ ታያለች፤ ሁለተኛውን እሱ በስልክ ይነግራታል። ከጎንና ከጎን ክፍል ያሉ ሁለት እንግሊዛውያን ልጆች ሳይቀሩ፣ የማያውቁትን የዌልስ ቋንቋ ሊሰሙ አልጋዋ ላይ ይቀመጡ ጀመር። «አባትሽ ምን አለ?» ይሏታል። «ኳሷ ጸሎት ቤት ናት አለ» ትላቸዋለች፤ ይንከተከታሉ።

ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩ አይዘጋም። አፉ አንዴ ከሞቀ ግዊሊም ሌላ ሌላውንም ያወራል። ሄሌድም በመጀመሪያው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅስ እንደነበር የነገረችው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። እሱም የፍየሏን ታሪክ እስከ መጨረሻው ነገራት፤ እናቷ ለእሱ እንደነገረችው፣ የፖሊሱን ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለ። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያችን ሰዓት ነበር። አውቶቡሱን ሲነዳ ለቅዳሜ የሚሆን ነገር ይለቅማል፤ የትኛው ማዞሪያ ጠባብ እንደሆነ፣ የትኛው ግንብ እንደፈረሰ። ለተሳፋሪዎቹም «እንደምን አደራችሁ» ማለት ጀመረ። አሮጊቶቹ ደንግጠው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ግዊሊም አውቶቡስ አፍ አወጣ» አለ ቴክዊን ከሰል። «ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲል። እኛ ቤት ያለው ድመትም ተስፋ ይኑረው።»

የካቲት ላይ ለተማሪዎቹ ክፍሎች ደብዳቤ ተላከ። «በዚህ ክፍል የተመዘገበ የቴሌቪዥን ፈቃድ የለም» ይላል። ሄሌድ አልፈራችም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደውላ፣ በባትሪ ብቻ እንደምታይና ቤቷ በአባቷ በግዊሊም ፓሪ ስም ፈቃድ እንዳለው አስረዳች። በዚያ አድራሻ ፈቃድ አለ፣ ግን በዚያ ስም አይደለም፤ እባክሽ አጣሪ አሏት። ማክሰኞ ከትምህርት እንደወጣች አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው?»

ግዊሊም ወደ መደርደሪያው ተመለከተ።

«አባዬ?»

«በእናትሽ።»

ከሄሌድ ወገን የበር መዘጋትና የሰው ሳቅ ተሰማ።

«እስካሁን?» አለች። «ለምን አላዛወርከውም?»

ግዊሊም ቃል ፈለገ። ለኳሷ ድልድይና ጸሎት ቤት አግኝቶላት ነበር። ለዚህኛው ግን ምንም ፌርማታ አልታየውም።

«ይመጣል እኮ» አለ በመጨረሻ። «በስሟ። በየሰኔው።»

ሄሌድ አፍንጫዋን ሳበች። «ተወው» አለች። «ሞታለች ካልናቸው ስሟን ይሰርዙታል። አትንካው። እኔ ራግቢ ባላይ አልሞትም።»

ያን ቅዳሜ ጨዋታው ከፈረንሳይ ጋር ነበር። ግዊሊም ስልኩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ለዕረፍት ወጡ፤ ስልኩ አልጮኸም። እሱ ደወለ።

«እያጠናሁ ነው፣ አባዬ» አለች። ከኋላዋ የሲኒና የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

«ሁለተኛውን ልንገርሽ?»

«የመጀመሪያውን ሳላይ ሁለተኛው ምን ይገባኛል? ሌላ ጊዜ።»

ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታም «ሌላ ጊዜ» አለችው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰላምታው እንደገና ወደ አገጩ ተመለሰ።

ሰኞ ዕለት ቴክዊን ከሰል ሊያራግፍ መጣ። ጆንያውን ከትከሻው አወረደና የግዊሊምን ፊት አየ።

«ምነው? አፍህ ተመልሶ ዛገ?»

ግዊሊም ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ቴክዊን ሰምቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አይርሊስ ብትሰማ ምን ትልህ ነበር?»

«ትጮህብኝ ነበር።»

«መጮህ ብቻ? በዚህ አካፋ ነበር የምትልህ። አንተ ደንቆሮ፣ ልጅቷ ትበልጣለች ወይስ ፖስታው?»

«ልጅቷ ናት አትንካው ያለችኝ።»

«ለአባቷ አዝና ነዋ! እሷ ላንተ ካዘነች አንተ ደግሞ ለእሷ እዘን።» ባዶ ጆንያውን አጠፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የሚስቴን ጫማ ለመስጠት አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። «ከበሩ ላይ ሳነሣው ዓለም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። በሩ ብቻ ባዶ ሆነ።»

በማግስቱ ግዊሊም ሥራ አልነበረውም። ፊቱን ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ ለስልክ ይህን ሁሉ ለምን እንዳደረገ አላወቀም። ደወለ። የፈቃዱ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሙዚቃ ሲያሰሙት ቆዩ፤ ከዚያ አንዲት ወጣት እንግሊዛዊት ተቀበለችው። የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ በዚያ ቋንቋ ከቲኬትና ከመንገድ ያለፈ ነገር ብዙም አውርቶ አያውቅም።

«የስም ለውጥ ነው ያሉኝ? ባለፈቃዷ ማን ናቸው?»

የአይርሊስን ስም ፊደል በፊደል ነገራት።

«አገኘኋቸው። ወይዘሮ ፓሪ አጠገብዎ አሉ? አንድ ጊዜ ያገናኙኝ።»

«የለችም።»

«ምንም አይደለም። መቼ ብደውል አገኛቸዋለሁ?»

ግዊሊም አፉን ከፈተ። ያን ቃል እስከዚያች ቀን ተናግሮት አያውቅም። በቀብሩ ቀን ሰባኪው ተናገረለት፤ ለመብራቱና ለውሃው የላከው ወረቀት ተናገረለት፤ ብላይናይ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ስለሚያውቅ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ሞታለች» አለ። ያልሰማችው መሰለውና ደገመው። «ሚስቴ ሞታለች።»

«በጣም አዝናለሁ፣ አቶ ፓሪ» አለችው፤ ከልቧ ይመስላል። ከዚያ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማው። ጥቂት ጊዜ ነው የተንኳኩት። የአንድ ሰው ስም ለማጥፋት ይህን ያህል ብቻ የሚበቃ መሆኑ አስገረመው።

«ጨርሰናል። አዲሱ ወረቀት በስምዎ ይመጣል።»

«አሮጌውስ?»

«አያስፈልግዎትም። ይቅደዱት።»

አልቀደደውም። ግን ከመደርደሪያው አንሥቶ፣ የአይርሊስ ሹራቦች ወዳሉበት መሳቢያ ከተተውና ዘጋው።

አዲሱ ወረቀት ሐሙስ ደረሰ። «አቶ ግ. ፓሪ።» ቅዳሜ ከአየርላንድ ጋር ጨዋታ አለ። ግዊሊም ያን ቀን ከጋራዡ እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩ እስከ ጋራዡ፣ ለልጁ የሚላትን ሲያጠና ዋለ። «ፈቃዱ ተስተካክሏል፤ ባትሪሽን ሙይ። ሁለተኛው አጋማሽ የእኔ ነው።» ከሥራ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ደወለ።

«አባዬ! ልደውልልህ ስል! የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«እኔም አለኝ።»

«እኔ ልቅደም። የራሴን ፈቃድ አወጣሁ!»

ግዊሊም ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«በምን?»

«ካፌ ሠርቼ። ለዚህ ነው እኮ እነዚያን ቅዳሜዎች ያልነበርኩት። ማጥናቴ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ እንዳትከለክለኝ ብዬ። አሁን የእማዬን ስም ማንም አይነካውም። ሰኔ ላይ ይመጣልሃል። እኔም ሶኬት ላይ ሰክቼ እስከ መጨረሻው አያለሁ፤ አንተም አትደክምም።»

ግዊሊም አዲሱን ወረቀት ተመለከተው። ሰኔ ላይ ለእረፍት ቤት ትመጣለች። ፖስታው ላይ የእሱን ስም እንዳታይ፣ ፖስተኛው በመጣ ቁጥር ከእሷ ቀድሞ በሩ ጋ መድረስ ሊኖርበት ነው።

«አንተስ? ምን ልትነግረኝ ነበር?»

«ምንም» አለ። «ባትሪሽ እንዴት ነው ልልሽ ነበር።»

«ባትሪውን እርሳው እንግዲህ!» ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች።

«ጥሩ አደረግሽ፣ ልጄ» አላት። ደግሞም ጥሩ አድርጋ ነበር፤ በዚህ ውስጥ ማንም ክፉ አላደረገም።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን አጋማሽ አየ። ለዕረፍት ሲወጡ ተነሥቶ እንቁላል ጠበሰና ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ኳሷ ከጋራዡ ተነሥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ወረደች። ዘጠኝ ቁጥሩ ማዞሪያው ላይ ተንሸራተተ። የግዊሊም ከንፈሮች ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ግን ሁልጊዜ ይቀድመው ነበር፤ የሰውዬው ሜዳ ደግሞ ሜዳ ብቻ ነው። በመጨረሻው ደቂቃ አንዱ ልጃችን በጠርዙ በኩል በረረ፣ ባሕሩ ጋ ደረሰ፣ ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፍቶ መለሰው። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ስልኩ ጮኸ።

«አየህ?» አለች ሄሌድ።

«አየሁ።»

«የመጨረሻዋን?»

«አየኋት።»

«መስመሩን ረግጦ ነበር ማለት ነው?»

«ረግጦ ነበር።»

«አዎ፤ ደግመው ሲያሳዩት አየሁት።»

ቀድሞ ቢሆን በየትኛው እግሩ እንደረገጠ፣ ማን እንደገፋው፣ አይርሊስ ብትኖር ዳኛውን ምን ትለው እንደነበር ገና ይወራ ነበር። አሁን ሁለቱም እኩል አይተውታል፤ አንዱ ለሌላው የሚነግረው አልቀረም።

«ምን በላህ?»

«እንቁላል።»

«እሺ፣ አባዬ። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው፤ ልንወጣ ነው።»

«እሺ። ካፖርት ልበሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። ግዊሊም ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በቴሌቪዥኑ አሸናፊዎቹ ገና ይተቃቀፉ ነበር፤ ገና ቀን ነበር፣ ያልተነካ የከሰዓት በኋላ ብርሃን መስኮቱ ላይ።